ሦስት ጠብታ ውሃ፦ የቻይና ፊደል ግራ ጎን ምን ይነግረናል?

ስማችንን የሚመዘግብ ሰው «ሥዩም በየትኛው ሰ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «በንጉሡ ሠ» ብለን እንመልሳለን። ጆሮ አይለየውም፤ የሚለየው ዓይን ነው። ስለዚህ ለፊደሎቹ መጠሪያ አውጥተንላቸዋል። ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ እንላለን።

ቻይና ውስጥም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው «ዋንግ እባላለሁ» ሲል ጸሐፊው ብዕሩን እንዳነሣ ሊቆይ ይችላል። የትኛው ዋንግ? አንደኛው ዋንግ ትርጉሙ «ንጉሥ» ነው። ሦስት አግዳሚ መስመሮችን በአንድ ቋሚ መስመር አያይዞ ይጻፋል። ሌላኛው ዋንግ ይኸው «ንጉሥ» ሆኖ በግራው በኩል ሦስት ትንንሽ ነጥቦች አሉት። ትርጉሙም የተንጣለለ ውሃ ነው። በቃና፣ ማለትም በድምፁ አወጣጥና አወራረድ፣ ይለያያሉ፤ ሰው በጥድፊያ ሲናገር ግን ለመሳት ቀላል ነው። ሁለቱም የቤተሰብ ስም ናቸው። ስለዚህ ባለ ነጥቡ ሰውዬ «ሳን ድየን ሽዌይ» ብሎ ይጨምርበታል። ሳን ሦስት፣ ድየን ነጥብ፣ ሽዌይ ውሃ ነው። የእነሱ «በንጉሡ ሠ» ይቺ ናት።

ዛሬ የምጽፈው ስለ እነዚህ ሦስት ነጥቦች ነው። ጠብታ ብላቸው ይሻለኛል፤ ቅርጻቸውም ትርጉማቸውም ጠብታ ነው። የቻይናን ጽሑፍ ዘወር ብለን የምናልፈው ሰው ሊይዘው የማይችል የሥዕል ክምር ስለሚመስለን ይመስለኛል። እንደዚያ አይደለም። ውስጡ ሥርዓት አለው። ሥርዓቱን ለማየት ደግሞ ከእነዚህ ጠብታዎች የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሦስቱ ጠብታዎች ለብቻቸው የሚነበቡ ፊደል አይደሉም። የእኛ ፊደል ድምፅ ይይዛል። «መ» በ«መሬት» ውስጥም በ«መርፌ» ውስጥም ያው መ ናት፤ ስለ ትርጉም አትናገርም። የቻይና ፊደል ግን አንዱ ብቻውን ድምፅም ትርጉምም ይዞ ይቆማል። የመስመሩ ብዛት 2 ይሁን 20፣ ሁሉም እኩል በሆነ አራት ማዕዘን ውስጥ ይጻፋል። ከ10 ፊደል ወደ 8 የሚሆኑት ደግሞ ከሁለት ክፍል የተሠሩ ናቸው። አንደኛው ክፍል «የነገሩ ወገን ይህ ነው» ይላል። ሌላኛው «ሲነበብ ይህን ይመስላል» ይላል። ሁለቱ ሲገናኙ ቃሉ ይታወቃል።

ወገኑን የሚናገረው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ «ቡሾው» ይሆናል። ቡ ማለት ክፍል ነው፤ ሾው ማለት ራስ ወይም አለቃ። እንግዲህ «የክፍል አለቃ» ልንለው እንችላለን። ትምህርት ቤት የምናውቀው ዓይነት አለቃ ነው፤ ከፊት ይቆማል፣ የክፍሉ ልጆች ስም ዝርዝር በእሱ እጅ ነው። መዝገበ ቃላት የሚደረደረው በእነዚህ አለቆች ነው። ሦስቱ ጠብታዎች የውሃ ክፍል አለቃ ናቸው።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ የድምፅ እጥረት ነው። ማንዳሪን፣ ማለትም ዋናው የቻይና ቋንቋ፣ ቃና ሳይቆጠር 400 ገደማ ክፍለ ድምፆች ብቻ አሉት። የቃናው ልዩነት ሲጨመር 1,300 ገደማ ይደርሳል። በዕለት ተዕለት ንባብ የሚያስፈልጉት ፊደሎች ግን ወደ 3,500 ይጠጋሉ። ስለዚህ ብዙ ቃላት አንድ ድምፅ ይጋራሉ። እኛም ትንሽ እናውቀዋለን። በግእዙ ሥርዓት «ሠረቀ» ሲጻፍ ፀሐይ ወጣች ነው፤ «ሰረቀ» ሲጻፍ ሌባ ወሰደ ነው። ለእኛ ይህ የጥቂት ቃላት ጉዳይ ነው። ለቻይና አንባቢ ግን በየመስመሩ ያለ ጉዳይ ነው።

አንድ ምሳሌ ብቻ በደንብ እንይ። «ቺንግ» ተብሎ የሚነበብ ክፍል አለ። ለብቻው ሲቆም በአረንጓዴና በሰማያዊ መካከል ያለ ቀለም ነው። ከግራው ሦስቱን ጠብታዎች ስናደርግበት «የጠራ፣ ኩልል ያለ» ይሆናል። ጠብታዎቹን አንሥተን ፀሐይ ብናደርግበት «ሰማዩ ጠራ» ይሆናል። በፀሐይ ፈንታ ልብ ብናደርግ «ስሜት» ነው። የንግግርን ምልክት ብናደርግ «እባክህ፣ እለምንሃለሁ» ነው። አራቱም የሚነበቡት «ቺንግ» ተብሎ ነው፤ ቃናቸው ግን ሁሉም አንድ አይደለም፤ «ሰማዩ ጠራ» እና «ስሜት» በቃናም አንድ ናቸው። ቀኝ ጎኑ አልተነካም። የተቀያየረው አለቃው ብቻ ነው። እኔ ይህን ቤተሰብ ባንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ደርድሬ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። እስከዚያ ድረስ አራት የተለያዩ ሥዕሎችን በቃሌ ለመያዝ ስታገል ነበር። ለካ የሚያዘው አንድ ነገር ኖሯል።

አሁን ወደ ጠብታዎቹ ልደት እንሂድ። እስከ ዛሬ ከተገኙት የቻይና ጽሑፎች ጥንታዊዎቹ በኤሊ ቅርፊትና በከብት አጥንት ላይ የተቀረጹ የጥንቆላ ጥያቄዎች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ3,000 ዓመት በላይ ነው። የተገኙትም ኸናን በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ አንያንግ ከተማ አጠገብ ነው። በእነዚያ አጥንቶች ላይ ውሃ የተሣለው በአንድ ተጠማዛዥ መስመር ነው፤ ግራና ቀኙ ላይ ነጠብጣብ አለበት። ወራጅ ወንዝና የሚፈናጠር ውሃ ነው፤ ማንም አይቶ ይገምተዋል። ዛሬም ውሃ ለብቻው ሲጻፍ ያ መሀለኛ መስመር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ነጠብጣቦቹ ደግሞ እንደ ክንፍ በሁለት ጎኑ ተዘርግተዋል። ብዕሩ አራት ጊዜ ያርፋል።

ችግሩ የመጣው ውሃ ከሌላ ክፍል ጋር አንድ አራት ማዕዘን ሲጋራ ነው። ክንፉን የሚዘረጋበት ቦታ የለም። በቺንና በሃን ነገሥታት ዘመን ደግሞ መንግሥት ሰፋ፣ ወረቀት ሳይኖር በቀርከሃ ላይ የሚጻፍ መዝገብ በዛ። ጸሐፊዎቹ ፍጥነት ያስፈልጋቸው ነበር። ጥምዝምዙን እያቃኑ፣ ረጅሙን እያሳጠሩ ሄዱ። የውሃውም ሥዕል በግራ ጠርዝ ላይ ተጨምቆ ሦስት ነጥብ ሆኖ ቀረ። ከታች በኩል ሲቀመጥ ግን ቦታ ስለሚያገኝ ሙሉ ቅርጹን ይይዛል። ለምሳሌ «ምንጭ» የሚለው ፊደል ከላይ «ነጭ» ከታች «ውሃ» ነው።

ሁለት ጠብታ ያላቸውም አሉ። እነሱ የውሃ ሳይሆኑ የበረዶ ናቸው። «ቀዝቃዛ» እና «መርጋት» በሁለት ጠብታ ይጻፋሉ። አንዷ ጠብታ ስትጎድል ውሃው ረጋ ብላችሁ ያዙት፤ ለማስታወስ ይረዳል። ሁልጊዜ ግን አይሠራም። «ንጹሕ» የሚለው ፊደል ድሮ ባለ ሦስት ጠብታ ነበር፤ በዋናው ቻይና በዛሬው አጻጻፍ ባለ ሁለት ጠብታ ሆኗል፤ ታይዋን ውስጥ ግን ሦስቱንም ይጽፋሉ።

ፊደሎችን በአለቃ በአለቃቸው የመደበው የመጀመሪያው ታላቅ ሊቅ ሹ ሸን ነው። በ100 ዓመተ ምሕረት ገደማ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በኋላ ያሉትም እንደዚሁ) መዝገበ ቃላቱን ጨረሰ፤ በ121 ልጁ ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበው። 9,353 ፊደሎችን በ540 ምድቦች አስቀምጧል። ምድቡ ሲበዛ ፍለጋው አድካሚ ነው። በ1615 ሜይ ዪንግዝዎ የተባለ ሊቅ ወደ 214 አወረደው። በ1716 በንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ትእዛዝ የተዘጋጀው ትልቁ መዝገበ ቃላትም ይህንኑ 214 ተከተለ። ውስጡ ከ47,000 በላይ ፊደሎች አሉ። ውሃ በቁጥር 85 ላይ ነው፤ በሥሩ የተሰለፉት ብቻ ከ1,500 ይበልጣሉ።

አፈላለጉ እንዲህ ነው። የማታውቁት ፊደል ገጠማችሁ እንበል። መጀመሪያ አለቃውን ትለያላችሁ፦ ሦስት ጠብታ። ወደ ውሃ ምድብ ትሄዳላችሁ። ከዚያ ከአለቃው ውጭ የቀረውን ብዕሩ ስንት ጊዜ እንዳረፈ ትቆጥራላችሁ። ፊደሉ «ባሕር» ከሆነ የቀረው 7 ነው። 7 የሚሉት ዝርዝር ውስጥ ታገኙታላችሁ። ድምፁን ሳታውቁ ቃሉን አገኛችሁት ማለት ነው። ዛሬ ስልክ ላይ ድምፁን በላቲን ፊደል መጻፍ ይቀላል፤ ግን ያን ለማድረግ አስቀድሞ ድምፁን ማወቅ ያስፈልጋል።

አንድ ወጥመድ አለ። «መጠጥ፣ አልኮል» የሚለው ፊደል በግራው ሦስት ጠብታ አለው። በቀኙ ደግሞ የመጠጥ ጋን አለ። ጀማሪ ሁሉ ውሃ ምድብ ውስጥ ይፈልገዋል። በካንግሺ መዝገበ ቃላት ግን ያለው በጋን ምድብ ነው። መዝገበ ቃላቱ አለቃ አድርጎ የመረጠው ጋኑን ነውና። ጠብታ ያለበት ሁሉ ለጠብታው አይታዘዝም።

ወደ ይዘቱ ስንገባ በመጀመሪያ የሚመጡት የምንጠብቃቸው ናቸው፤ ወንዝ፣ ሐይቅ፣ ባሕር፣ ውቅያኖስ፣ ወደብ። ከዚያ ላብ፣ እንባ፣ ሾርባ፣ ዘይት። ከዚያ መታጠብ፣ መዋኘት፣ መፍሰስ። ጥልቅ፣ አንሸራታች፣ እርጥብ። እስከዚህ ድረስ ማንም አይደነቅም። በአዲሱ አጻጻፍ «እንባ» እንዲያውም ጠብታና ዓይን ብቻ ነው፤ ድምፅ የሚናገር ክፍል እንኳ የለውም።

የሚያስደንቀው ቀጥሎ ያለው ነው። «በረሃ» በቻይንኛ «ሻሞ» ይባላል፤ በሁለት ፊደል ይጻፋል። ሁለቱም ሦስት ጠብታ አላቸው! ውሃ የሌለበት ቦታ በስድስት ጠብታ ይጻፋል። ምክንያት አለው። የመጀመሪያው ፊደል «ሻ» አሸዋ ነው፤ ጠብታዎቹ አጠገብ «ትንሽ፣ ጥቂት» የሚል ክፍል አለው። ሹ ሸን ሲያብራራው ውሃ ሲያንስ አሸዋው ይታያል ይላል። የወንዝ ዳር አሸዋ ነው እንግዲህ መነሻው። «ሞ» ደግሞ በሰሜን ያለ፣ እንደ ጎርፍ የሚፈስ አሸዋ ነው ይላል። አሸዋውን የሚያንቀሳቅስ ነፋስ አይቶ «ይፈስሳል» ያለ ሰው ነው ይህን የጻፈው።

«የለም» የሚለው የዘወትር ቃልም («ሜይ») ባለ ጠብታ ነው። የጥንት ትርጉሙ «ሰጠመ» ነበር። የሰጠመ ነገር አይታይም፤ ስለዚህ የለም።

«ሕግ» ደግሞ አለ። «ፋ» ይባላል፤ በግራ ጠብታዎቹ፣ በቀኝ «ሄደ» የሚል ክፍል አለው። የድሮ አጻጻፉ ከዚህ ይወሳሰብ ነበር። ውስጡ ባለ አንድ ቀንድ የተረት እንስሳ ነበረበት፤ ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ ጥፋተኛውን ለይቶ ይወጋል ተብሎ ይታመንበት የነበረ። «ሄደ» የሚለው ጥፋተኛው መወገዱን ያሳያል። ውሃውስ? ሹ ሸን እንዲህ ይላል፦ እንደ ውሃ እኩል ስለሆነ። ውሃ በሳህን ላይ ሲረጋ አንዱ ጎን ከሌላው አይበልጥም። ሕግም እንደዚያ መሆን አለበት። ከዘመናት በኋላ እንስሳው ወጣ፤ ውሃው ቀረ።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፊደሎቹ ሁሉ ተረት አላቸው ብሎ ማሰብ ይቀናናል። «ሕይወት ያለው» የሚለውን («ኽዎ») ውሰዱ። ጠብታዎቹ ከምላስ ጎን ተቀምጠዋል። «ምላስ ውሃ ሲያገኝ ሰው ይኖራል» የሚል ማብራሪያ ብዙ ቦታ ይገኛል። ያምራል፤ እውነት ግን አይደለም። ምላስ የሚመስለው ክፍል ድሮ ሌላ ቅርጽ ነበረው፤ ሥራው ድምፅ መናገር ብቻ ነበር። ፊደሉም መጀመሪያ የሚገልጸው የወራጅ ውሃን ድምፅ ነው። ለማስታወስ የሚረዳ ተረትና እውነተኛ ታሪክ የተለያዩ ናቸው። ሁለቱን ማምታታት ለቋንቋው አለማክበር ይመስለኛል።

«መኪና»ም ውሃ አለበት። «ቺቸ» ይባላል፤ ቃል በቃል «የእንፋሎት ጋሪ» ነው። እንፋሎት ከውሃ ስለሆነ ፊደሉ በሦስት ጠብታ ይጀምራል። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ በብዛት የምናያቸው የቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች እንፋሎትም ቤንዚንም የላቸውም። በቻይንኛ ግን አሁንም የእንፋሎት ጋሪ ናቸው። «ዘይት»ም ሌላ ሥራ አለው። ስታዲየም ውስጥ ቡድናቸውን ሲያበረታቱ «ጂያ ዮው!» ብለው ይጮኻሉ። «ዘይት ጨምር» ነው፤ እኛ «በርታ!» እንደምንለው።

የቻይናን ካርታ በራሷ ፊደል ያገኘ ሰው ጠብታዎቹን እያደነ ቢውል አይሰለችም። ሻንግሃይ ውስጥ «ባሕር» አለ። ሁቤይና ሁናን ከሐይቅ ሰሜንና ከሐይቅ ደቡብ ናቸው። ኸቤይና ኸናን ከወንዝ ሰሜንና ከወንዝ ደቡብ። ሆንግ ኮንግ «ወደብ» አለበት። ስማቸው ላይ ጠብታ ያለበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አጠገቡ ውሃ አለ። ስለ ሎያንግ ከተማ ደግሞ የታሪክ መዛግብት አንድ ነገር ይነግሩናል። ስሟ በሎ ወንዝ ነው፤ ባለ ጠብታ ነው። የሃን ነገሥታት ግን የሥርወ መንግሥታችን ምልክት እሳት ነው ይሉ ነበር። ውሃ እሳት ያጠፋል። ስለዚህ በ25 ሎያንግን ዋና ከተማ ሲያደርጉ ጠብታዎቹን አንሥተው በምትካቸው የወፍ ምልክት አደረጉ። በ220 ሥልጣኑ ወደ ወይ ነገሥታት ሲያልፍ ጠብታዎቹ ተመለሱ። ስለ ሦስት ነጥብ ቤተ መንግሥት ተጨንቋል ማለት ነው።

የእኛም ውሃ በእነዚሁ ጠብታዎች ይጻፋል። ጣና «ታና ሁ» ነው፤ «ሁ» ሐይቅ፣ ባለ ጠብታ። ናይል «ኒሎኸ» ነው፤ መጨረሻው «ኸ» ወንዝ ነው። ዓባይ ደግሞ «ቺንግ ኒሎኸ» ይባላል። ይህ «ቺንግ» ከላይ ያየነው፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መካከል ያለው ቀለም ነው፤ ጠብታ የሌለበት። ውሃው መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ይህ ሁሉ የድሮ ነገር የሚመስለው ካለ ወደ ኬሚስትሪ ይምጣ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቻይና ሊቃውንት ለንጥረ ነገሮች ፊደል መፍጠር ነበረባቸው። የተጠቀሙት ይህንኑ የጥንት ሥርዓት ነው። ብረታ ብረት የሆነው የብረት አለቃ ይሰጠዋል። ጋዝ የሆነው የአየር። ጠጣር ሆኖ ብረት ያልሆነው የድንጋይ። ፈሳሽ የሆነው የውሃ። ቻይናዊ ተማሪ የንጥረ ነገሮቹን ሠንጠረዥ ሲያይ የትኛው ጋዝ፣ የትኛው ፈሳሽ እንደሆነ ከፊደሉ ያነባል። በተለመደው የክፍል ሙቀት ፈሳሽ የሆኑት ንጥረ ነገሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ብሮሚንና ባዜቃ (ሜርኩሪ)። ብሮሚን ሦስት ጠብታ አለው። ባዜቃ ደግሞ ከሥሩ ሙሉ ውሃ አለው።

ባዜቃ ላይ ትንሽ እንቆይ። ከዘመናዊ ኬሚስትሪ በፊትም ቻይናዎች ያውቁት ነበር፤ ስሙ «ጎንግ» ነው። ከላይ «ሥራ» የሚል ትርጉም ያለው፣ እሱም «ጎንግ» የሚባል ክፍል አለ፤ ከታች ውሃ። አሁን ያንኑ ክፍል ከላይ አውርዳችሁ በቀኝ አስቀምጡት፤ ውሃውንም ከታች አውጥታችሁ በሦስት ጠብታ መልክ በግራ አድርጉት። ባዜቃ መሆኑ ቀረ። «ጂያንግ» ሆነ፤ ወንዝ። ያንግትዜ የምንለው ታላቁ ወንዝ የጥንት ስሙ ይህ ነው። ክፍሎቹ አንድ ናቸው፣ አቀማመጣቸው ተለየ፣ ቃሉ ሌላ ሆነ። «ጎንግ» የሚል ክፍል እንዴት «ጂያንግ» ተባለ ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ ፊደሉ ሲሠራ ሁለቱ ይቀራረቡ ነበር። ዘመን አራራቃቸው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ በሚነገረው ካንቶንኛ ወንዙ ዛሬም «ጎንግ» ነው። ሹ ሸን ስለ ባለ ሁለት ክፍል ፊደሎች ሲያስረዳ ምሳሌ ያደረገውም ይህንኑ «ጂያንግ»ንና ቢጫ ወንዝን የሚገልጸውን «ኸ»ን ነው።

ቻይናዎች ራሳቸውን በሚጠሩበት ስምም ውሃ አለ። በያንግትዜ ላይ የሚገባ ሃን የሚባል ወንዝ አለ። ስሙ ባለ ሦስት ጠብታ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ206 ልዩ ባንግ የተባለ የጦር መሪ በዚያ ወንዝ አካባቢ ተሹሞ «የሃን ንጉሥ» ተባለ። ከአራት ዓመት በኋላ መላውን አገር ያዘ፤ ሥርወ መንግሥቱም ሃን ሆነ። ከሥርወ መንግሥቱ ሕዝቡ ሃን ተባለ። የሕዝቡ ፊደልም «ሃንዝ» ተባለ፤ የሃን ፊደል። በ1956 ቻይና ፊደሎቿን ስታቃልል የ«ሃን» ቀኝ ጎን ተቆርጦ ብዕሩ ሁለት ጊዜ ብቻ የሚያርፍበት ሆነ። ሦስቱ ጠብታዎች ግን አልተነኩም። የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ስም ሲጻፍ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ የሚያርፉት እነሱ ናቸው።

ልትጽፏቸው ከፈለጋችሁ አያስቸግሩም። የመጀመሪያዋን ከላይ ወደ ታች ጠቆም ታደርጓታላችሁ። ሁለተኛዋን ከሥሯ፣ ትንሽ ወደ ግራ ገባ ብላ። ሦስተኛዋ ላይ ጀማሪ ሁሉ ይሳሳታል፤ እንደ ሁለቱ ወደ ታች ያወርዳታል። እሷ ግን ከታች ተነሥታ ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ ትወረወራለች። ወደ ላይ የምትሄድ ጠብታ ናት። ብሩሹ ቀጥሎ ወደሚጻፈው የቀኝ ክፍል እየተሻገረ ነውና።